«እሺ ልጄ፣ እሺ» ብለውኝ ነበር

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ነርሶች ሆነን በቀን ከ50 የማያንስ ታካሚ እናስተናግዳለን። በቅርቡ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከገጠር መጡ፤ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ታዘዘላቸው። ወረፋው ተጨናንቆ ሳለ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብዬ አስተማርኳቸው። አወጋጉን፣ አቀማመጡን፣ ምግቡን፣ የእግር ጥንቃቄውን፣ ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን፣ አንድም ሳላስቀር። ‘መርፌውን ምግብ ሳይበሉ እንዳይወጉ’ ብዬም ደጋግሜ ነገርኳቸው። ‘እሺ ልጄ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ’ አሉኝ። በወሩ ሲመለሱ ስኳራቸው ከ400 በላይ ሆነ። የጠዋቱን መርፌ ከነጭራሹ ትተውታል። ለምን ስላቸው ‘ሁዳዴ አይደል እንዴ’ አሉኝ። ተናደድኩና ሰው ሁሉ በሚሰማበት ‘ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ?’ ብዬ ጮህኩባቸው። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑና ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ መግባት ከብዶኛል። ሰው እንዲሰማኝ ምን ላድርግ? ወይስ ማስተማር የሚባለው ነገር ለእኔ አልተሰጠኝም?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም 31 ዓመት በነርስነት ስለቆየሁ፣ ያንቺን ዓይነት ቀን አውቀዋለሁ። የጮህሽበት ነገር እስካሁን የሚያስጨንቅሽ መሆኑ ራሱ ስለ አንቺ ብዙ ይነግረኛል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። እኚያ እናት አልሰሙኝም ብለሻል። እኔ ከደብዳቤሽ የተረዳሁት ቃል በቃል እንደሰሙሽ ነው። ምግብ ሳይበሉ እንዳይወጉ አልሻቸው። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለች የገጠር እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያም አልፎ፣ እህል አትቀምስም። ጠዋት አልበሉም፤ ስላልበሉም አልወጉም። ያዘዝሻቸውን ነው የፈጸሙት። ከትምህርትሽ የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እማማ፣ በቀን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት?» የሚል። እሱን ብትጠይቂያቸው ኖሮ ጾሙ ከመጀመሪያው ቀን ይወጣ ነበር። ሐኪሙም መጠኑንና ሰዓቱን ከጾማቸው ጋር አገናዝቦ ያስተካክለው ነበር፤ ወይም ጤናቸው መጾም የማይፈቅድ ከሆነ በጊዜ ይነገራቸው ነበር።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንዲህ ነው፤ የምንናገረውን አስጠኑን፣ የምንጠይቀውን ግን ብዙም አላስጠኑንም።

ስለ «እሺ» ትንሽ ላውራሽ። በእኛ ዘንድ «እሺ» አክብሮት ነው። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» ማለት ተናጋሪውን ማሳጣት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የእናትሽ እኩያ የሆኑ ሴት፣ ልጃቸውን በምታክል ነርስ ፊት፣ ከኋላ ወረፋ የያዘ ሰው እየሰማ፣ «ድገሚልኝ» ለማለት ስንት ነገር መሻገር አለባቸው! ስለዚህ «ገባዎት?» ብለሽ ስትጠይቂ መልሱ ከመጠየቅሽ በፊት የታወቀ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

በእሱ ፈንታ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ እኔ አንዳንዴ ስናገር እፈጥናለሁ። በደንብ ነግሬዎት እንደሆነ ልወቅ። ዛሬ ቤት ሲገቡ ጎረቤትዎ ቡና ላይ ‘ምን አሉሽ ሐኪሞቹ?’ ስትልዎት ምን ይሏታል?» ልብ በይ፤ የሚፈተኑት እሳቸው አይደሉም፣ ፈተናው የእኔ አነጋገር ላይ ነው። ጎረቤትና ቡና ሲነሳ ደግሞ የብዙ እናቶች አንደበት ይፈታል። «እንዴ፣ መርፌውን ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር አለችኝ እላታለኋ፤ ግን አሁን ጾም ነው...» ይሉሻል። የምትፈልጊው ይህንን «ግን» ነው። እሱ እስኪወጣ ድረስ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም።

ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ አንድ አባት፣ አርሶ አደር፣ ኢንሱሊን ተጀመረላቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ 18 ዩኒት። ሲሪንጁን ራሴ ይዤ፣ ከብልቃጡ ራሴ ቀድቼ፣ መስመሩን በጣቴ እያመለከትኩ አሳየኋቸው። «ገባዎት አባባ?» «ገብቶኛል»። ተሰናበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ሊነጋጋ ሲል ልጃቸው አዝሎ አመጣቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ አፋቸው ተሳስሯል፣ ልጃቸውን እንኳን አልለዩትም። ስኳራቸው 32 ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ገባላቸውና ዓይናቸውን ገለጡ።

ከሰዓት በኋላ ባዶ ሲሪንጅና ውኃ የሞላ ብልቃጥ ሰጠኋቸውና «እስቲ ቤት እንደሚያደርጉት ይቅዱልኝ» አልኳቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲሪንጁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። ከዚያ ሳቡት፤ 20ን አለፈ፣ 30ንም አለፈ። 34 ላይ አቆሙና «እዚህ ጥቁሩ ጋ ነው አይደል?» አሉኝ። ያ የ100 ዩኒት ሲሪንጅ ነው፤ ቁጥር የሚጻፍበት በየ10 ዩኒቱ ሲሆን በመካከል ያለው እያንዳንዱ ቀጭን መስመር 2 ዩኒት ነው። ቀጭኖቹን መስመሮች አያዩዋቸውም ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። በቀን ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው መጠን ሲወጉ የከረሙት እኔ «ገብቶኛል»ን አምኜ ስለለቀቅኋቸው ነው።

ምራታቸውን አስጠርተን እሷ እንድትቀዳ፣ እሳቸው እንዲወጉ አደረግን። ሦስት ጊዜ ፊቴ ቀዳች። ሦስተኛው ላይ አንዲት የአየር አረፋ ስታይ ሳልነግራት ሲሪንጁን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አወጣቻት። ያን ጊዜ ነው የተማረችው፤ እኔም የዚያን ቀን ነው ያስተማርኩት።

ኢንሱሊን እኮ ከሌላው መድኃኒት ይለያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተወጋው በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ታካሚው ራሱ ነው፤ ይቀዳል፣ ይወጋል፣ መጥፎ ምልክት ሲያይ ይወስናል። ቦስተን ውስጥ ዶክተር ኤሊየት ጆስሊን በዚያው ዘመን ነርሶችን አሠልጥነው ታካሚ ቤት ድረስ ይልኩ ነበር፤ ብልቃጡ ያለ ትምህርት ብቻውን ሰው እንደማያድን ገና በጠዋቱ ገብቷቸው ነበር። እኛ ጋ ይህ ሥራ «ጊዜ ከተረፈ» የሚሠራ ተጨማሪ ነገር ተደርጎ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሃያ ደቂቃሽ እንምጣ። አወጋጉን፣ አቀማመጡን፣ ምግቡን፣ እግሩን፣ የስኳር መውረዱን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። እህቴ፣ ይህ ለማንም ሰው ይበዛል። በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ ጥናቶችን ሰብስቦ እንደጻፈው፣ ታካሚ ከባለሙያ ከሚሰማው ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶው እዚያው ይረሳል፤ ከሚታወሰውም ግማሽ ያህሉ በስህተት ነው የሚታወሰው። ያውም «ዕድሜ ልክ መርፌ» የሚል ቃል ገና አሁን የሰማ ሰው ልቡ ደንግጦ ሳለ! ሲደነግጥ ጆሮ ይዘጋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሰው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ይህን ባያውቁ ምን ያገኛቸዋል? በዚህ ወንፊት ሲነፋ የሚቀረው ሦስት ነገር ነው። መጠኑን በትክክል ቀድቶ መውጋት። ስኳር ሲወርድ ማወቅና ማድረግ ያለባቸውን ማድረግ። ሲያስታውካቸው ወይም ምግብ እምቢ ሲላቸው መርፌውን በራሳቸው ሳያቆሙ ቶሎ መምጣት። እግሩን፣ ዓይኑን፣ የምግቡን ዝርዝር ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀጠሮ አቆይው። ክትትል የተባለው ለዚህ ነው።

ስኳር መውረድን ስታስተምሪ በእነሱ ቃል አስተምሪ። «ሃይፖ» አትበያቸው። «ላብ ላብ ሲልዎት፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ፣ ልብዎ ሲመታ፣ ረሃብ ሲሞረሙርዎት፣ በሆነው ባልሆነው ሲቆጡ» በያቸው። ከ70 በታች የሚለው ቁጥር መለኪያ ላለው ብቻ ነው የሚጠቅመው። መለኪያ ለሌለው ምልክቱ ራሱ መለኪያው ነው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ ካልተሻላቸው ይድገሙ፣ ሲሻላቸው እህል ይቅመሱ። ራሳቸውን ከሳቱ ደግሞ ማንም ሰው አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳያፈስ፣ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። ይህን የመጨረሻውን ለታካሚው መንገር አይበቃም፤ በዚያች ሰዓት እሳቸው አይሰሙማ። አብሯቸው ለሚያድረው ሰው ነው የሚነገረው።

የቤቱን ነገር ሳትጠይቂ አታስተምሪ። ስንት ጊዜ «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት» ብለን መብራት ወደሌለበት ቀበሌ ሰው ሰደናል! ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡ ጥሩ ነው። የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ቆላ ለሚኖር ሰው ትልቅ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ ብልቃጡ ትንሿ ውስጥ፣ አፏ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ይህን ስነግራቸው «ውይ፣ እሱማ ቅቤ የምናቆይበት ነው» ያሉኝ እናት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ መድገም አላስፈለገኝም። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስም «በአንድ ሊትር ውኃ» ከማለት «የአንድ ሊትሩን ሃይላንድ ሙሉ» ማለት ይሻላል። ልኬቱ ቤታቸው ባለው ዕቃ ይሁን።

ምግብም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የምግብ ሥዕል ታካሚው በዕድሜው አይቶት የማያውቀው አትክልት የሞላበት ነው። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመሱ?» ብለሽ ጀምሪ። ሻዩ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ በየሲኒው ስንት፣ ዳቦው፣ ድንቹ። እንጀራውን ደግሞ «ግማሽ ይብሉ» ማለት ቀላል ነው፤ ከአንድ ትሪ ከሚበላ ቤተሰብ ጋር ግማሹ የት ነው የሚያልቀው? ጉርሻ ሲመጣስ እንዴት እምቢ ይባላል? ስለዚህ ድርሻቸው መጀመሪያ ለብቻ እንዲቆረስላቸው፣ ሽሮውና ጎመኑ በርከት እንዲል፣ ይህንንም ቤት የምታበስለዋ ሴት እንድትሰማው አደርጋለሁ። አባወራው ታሞ ከሆነ ለአባወራው ብቻ ስለ ምግብ መስበክ የትም አያደርስም።

ስለ አስታማሚ ካነሳሁ አይቀር፣ የቋንቋ ነገር አደራ። ታካሚው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ከወረፋው የተገኘ የአሥር ዓመት ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጊ። ልጅ የአባቱን ሕመም ለመናገር ይፈራል፤ የከበደውንም ቃል ይዘለዋል። ከጽዳትም ሆነ ከካርድ ክፍል ቋንቋውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ፈልጊ። በእስራኤል ኢትዮጵያውያኑ መካከል ስኳር በሽታ እየበዛ ሲሄድ «ጤና ብሪዩት» የሚባል ድርጅት የተቋቋመው ሕክምናው ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚያስረዳው ሰው ቋንቋቸውንም ኑሯቸውንም የሚያውቅ መሆን ስለነበረበት ነው። የድርጅቱ ስም ላይ ያለችው «ጤና» የእኛው ቃል ናት።

እናትየዋ ከገጠር ናቸው ብለሻል። እንግዲያው የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አትርሺ። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው ቤት ለቤት በመሄድ ነው። በካርዳቸው ላይ ወይም በቁራጭ ወረቀት «መርፌ ጀምረዋል፣ አወጋጋቸውን እይልኝ» ብለሽ ብትልኪላት፣ አንቺ በወር አንዴ የምታዪውን እሷ በሳምንት ልታየው ትችላለች።

ጾምና ጠበልን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፤ ከእምነት ጋር ትግል አትግጠሚ። «ጾም ይተዉ» የምትል ነርስ ተሰሚነቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታጣለች። ከዚያ በኋላ ታካሚው ይጾማል፣ ግን አይነግርሽም። ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። «የንስሐ አባትዎን አማክረዋል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ለሙስሊሙ ታካሚም ረመዳን ከመግባቱ ቀደም ብለሽ አንሺው። ጾም ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ዘንድሮ እንዴት አስበዋል?» የሚል ጥያቄ ለሁሉም ይቅረብ፤ መልሱም መጠን ለማስተካከል ለሐኪሙ ይድረስ። ጠበል የሚሄዱትንም «ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሄደው፣ ወግተው፣ ተጠምቀው ይመለሳሉ።

«በቀን 50 ሰው እያየሁ ይህን ሁሉ መቼ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሃያው ደቂቃ ሁሉ አያስፈልግሽም። ሦስት ነገር ከሆነ፣ አምስቱን ደቂቃ ስለ ኑሯቸው ጠይቂ፣ አምስቱን አሳዪ፣ አምስቱን ደግሞ እነሱ ያሳዩሽ። አዲስ መርፌ የተጀመረላቸው በሳምንት አንድ ቀን፣ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ተሰብስበው እንዲመጡ ኃላፊሽን አነጋግሪ። አራት ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀዳ አንዱ የሌላውን ስህተት ያያል፤ የሚፈሩትም ጥያቄ በሌላው አፍ ይወጣል። ጠዋት በመጠበቂያው አዳራሽ የምትሰጡትንም የጤና ትምህርት አንቺ ብቻ አትናገሪው። መርፌውን ለዓመታት በደንብ የያዘ አንድ ታካሚ አስነሺና «እርስዎ እንዴት ያደርጉታል?» በይው። የእሱን ያህል አንቺም እኔም አንደመጥም።

አንድ ነገር ደግሞ በአንቺ ላይ አትጫኚ። መድኃኒት ጠፍቶ ወይም ብር አጥሮ ያልወጋ ሰው የትምህርት ጉድለት የለበትም። «ለምን አልወጉም?» ከማለትሽ በፊት «መድኃኒቱን አገኙ ወይ?» በይ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል መሆናቸውንም ጠይቂ።

ማስተማር ለእኔ አልተሰጠኝም ወይ ብለሻል። ወረፋ ተጨናንቆ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ያለች ነርስ ይህን መጠየቅ የለባትም። ጩኸቱ ግን ስህተት ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። የተጮኸበት ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ እውነቱን አይነግርሽም፤ «በትክክል እየወጋሁ ነው» ይልሻል፣ ቁጥሩ ሌላ ይላል፣ ሐኪሙም ቁጥሩን አይቶ መጠን ይጨምራል። አደጋው ይኼ ነው። እናም መጠገን አለበት።

እንግዲህ እኚያ እናት ሲመጡ እንዲህ አድርጊ። ስማቸው ሲጠራ አንቺው ውጪና ተቀበያቸው፤ በሩን ዝጊ። «እማማ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ጮህኩብዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የነገርኩዎትን ነው ያደረጉት፤ ስለ ጾሙ ሳልጠይቅዎት የቀረሁት እኔ ነኝ» በያቸው። «ኧረ ልጄ፣ ምን አጠፋሽና» ማለታቸው አይቀርም፤ እሱንም ቶሎ አምነሽ አትቀበዪው፣ ትንሽ ቆዪ። ከዚያ ወንበርሽን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጪና አጠገባቸው ተቀመጪ። ከእንቅልፋቸው ከሚነሱበት ጀምሮ እስከሚተኙ ድረስ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል ይንገሩሽ፤ አንቺ አዳምጪ። መድኃኒቱን፣ ሲሪንጁን እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ ምንም አትናገሪ፣ ሲቀዱ እያቸው።